የሀይረዲን ርክክብ

ሀይረዲን የሰርቨር ክፍሉን ቁልፍ ከቤቱ ቁልፍ ጋር አያይዞ አያውቅም። በጥቁር የጫማ ማሰሪያ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከሸሚዙ ሥር ነበር የሚሸሽገው። ቃሊቲ ውስጥ በሚገኝ አንድ የሚስማርና የሽቦ ፋብሪካ የኔትወርክ ቴክኒሽያን ሆኖ በሠራባቸው አሥር ዓመታት ያቺን ቁልፍ ለሰው ያዋሰባት ቀን የለችም። ሌላ ቅጂም አልነበራትም። ጽዳት ሠራተኛዋ እንኳ የምትገባው እሱ በር ላይ ቆሞ እየጠበቃት ነው።

የፋብሪካው ኔትወርክ ወረቀት ላይ አልነበረም፤ እሱ ጭንቅላት ውስጥ ነበር። የትኛው ኬብል ከየት ተነሥቶ የት እንደሚገባ፣ የትኛው ፓስወርድ የቱን ዕቃ እንደሚከፍት የሚያውቅ ከፈጣሪ በታች እሱ ብቻ ነው። ይህን ጠባይ ከሜዳ አላመጣውም። ፈቀደ የሚባል አለቃ ነበረው፤ ሥራውን ያስያዘውም ያስተማረውም እሱ ነው። ፈቀደ ደግ ሰው ነበር። የሚያውቀውን ሁሉ በአንድ ሰማያዊ ደብተር ላይ በሥርዓት ጽፎ ለጠየቀው ሁሉ ያስረዳ ነበር። ደብተሩ ባለቀ በሁለተኛው ወር «ስለ አገልግሎትዎ እናመሰግናለን» የሚል ደብዳቤ ደረሰው። በቦታው የተተካው ደግሞ ደብተሩን ከዳር እስከ ዳር ያነበበው ሀይረዲን ነው፣ በግማሽ ደመወዝ። ሀይረዲን ያን ዕለት ሲያፍር ዋለ። በማግስቱ ግን ደብተሩን ቀዳዶ ጣለውና እኔ እንደዚህ አልሸወድም አለ።

እንጀራውን ጠበቀ፤ እውነት ነው። ግን ዓመታቱ ሲነጉዱ መጠሪያው «ጁኒየር ቴክኒሽያን» ከሚለው ፈቀቅ አላለም። እድገት ሲጠይቅ «አንተን ከዚያ ቦታ ማንሳት አንችልም» ይሉታል። የዓመት ፈቃድ ሲጠይቅም ያው። ለሙያ ማረጋገጫ ፈተና ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ ሁለቱንም ጊዜ ለፈተና ሲወጣ ስልኩ ጮኸና ከመንገድ ተመለሰ። የኒካው ቀን እንኳ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ሳለ ተጠርቶ ሄዷል። «ሰው በሠርጉ ቀን ኬብል ሊሰካ ይሄዳል?» እያለች ሚስቱ ኡሙልኸይር እስከ ዛሬ ታነሣበታለች። ጉዱ ደግሞ ሲጠሩት ደስ ይለው ነበር። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ደረቱ ይነፋል። በራሱ እጅ የሠራው እስር ቤት መሆኑን ያወቀው ሠላሳ ስድስት ዓመት ሲሞላው ነው።

በ2008 ዓ.ም. መግቢያ፣ ቃሊቲ ድረስ የሚመጣው የከተማ ባቡር ሥራ በጀመረ ሰሞን፣ ዝዋይ ከተማ ለቃለ መጠይቅ ተጠራ። አንድ ፕሮጀክት በሐይቁ ደሴቶች ላይ ያሉትን ትምህርት ቤቶችና ጤና ኬላዎች በአንቴና ከየብስ ሊያገናኝ ነበር። ጠያቂዋ ሮሪሳ የሚባል የሐይቁን ሰው አጠገቧ ያስቀመጠች፣ ፊቷ የማይፈታ ሴት ነበረች።

«ነፋስ ከተነሣ ጀልባ አይወጣም» አለችው። «ሦስት ቀንም ሊቆይ ይችላል። ያኔ አንቴናው ቢበላሽ ማን ይጠግነዋል?»

«እኔ እዚያው እኖራለሁ» አለ ሀይረዲን።

ሮሪሳ ሳቀ። «ካንተ በፊት የመጡት ሁለት ቴክኒሽያኖችም እንደዚያ ብለው ነበር» አለው። «ለምደው ለምደው አዲስ አበባ ገቡ። እኛ አሁንም በጀልባ ቴክኒሽያን እንጠብቃለን።»

ሴትዮዋ ቀጠለች። እሷ የምትፈልገው ብቸኛ አዋቂ አይደለም። ከደሴቱ ሰዎች መካከል ቴክኒሽያን የሚያወጣ፣ ዛሬ ኬብል መሰካት የጀመረው በሁለተኛው ዓመት ማረጋገጫ ይዞ፣ በሦስተኛው ደግሞ ሌላውን እያስተማረ ደረጃ በደረጃ እዚያው አገሩ ላይ እንዲያድግ የሚያደርግ ሰው ነው። «እስካሁን ስንት ሰው አሠልጥነሃል?» አለችው።

ምላሱ ቀደመው። «አንድ» አለ፤ «አቻምየለሽ ትባላለች።»

አቻምየለሽ የፋብሪካው የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ናት። በማታ ትምህርት በኮምፒውተር ዲፕሎማ ያገኘች፣ በየጊዜው የሰርቨር ክፍሉ በር ላይ እየመጣች «እስቲ አሳየኝ» የምትለው፣ እሱም «ሌላ ቀን» እያለ የሚሸኛት። አንድም ቀን አላሠለጠናትም።

ማክሰኞ ዕለት ማለፉ ተነገረው። ሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓት ከፋብሪካው መልቀቂያ፣ ሥራውን በምን ሁኔታ እንዳስረከበ የሚገልጽ ሰነድና የተረካቢውን ፊርማ ይዞ ካልቀረበ ግን ሁለተኛው ተወዳዳሪ ይገባል። «ሰነዱን አነበዋለሁ» አለችው ሴትዮዋ በስልክ። «እንዴት እንደምታስተምር ከሱ አየዋለሁ።»

አቶ ወልደገብርኤል፣ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ፣ መልቀቂያ የሚለውን ቃል ሲሰሙ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ማን ሊረከብህ?»

«አቻምየለሽ፣ ጌታዬ።»

«ኔትወርክ ታውቃለች?»

«በሦስት ቀን ታውቃለች።»

«እንግዲያው ቅዳሜ እሷ ተረክቤያለሁ ብላ ከፈረመች እኔም እፈርማለሁ። እስከ ስድስት ሰዓት ነው ያለሁት። ካልፈረመች ሥራህ ላይ ነህ።»

ሀይረዲን ወደ ግምጃ ቤቱ ወረደ። ለአራት ዓመት በር የዘጋባትን ሴት ሊለምን ነው። አቻምየለሽ የሚስማር ካርቶን እየቆጠረች ጨርሶ እስኪናገር አላቋረጠችውም።

«ፈርሚልኝ ነው የምትለው?» አለች በመጨረሻ።

«አስተምርሻለሁ። ሁሉንም እጽፍልሻለሁ።»

«ጻፈው። ግን በወሬ አልፈርምም። ነገ ቢበላሽ ከሥራ የምባረረው እኔ ነኝ።» እርሳሱን ጆሮዋ ላይ ሰካች። «ቅዳሜ አራት ሰዓት ኬብሉን ሁሉ ነቅዬ አንተ በጻፍከው ወረቀት ብቻ መልሼ እሰካዋለሁ። አንተ ከግቢ ትወጣለህ። ስልክህን ዘበኛው ጋሽ ደበላ ይይዙታል። ከሠራ እፈርማለሁ። አንድ ጊዜ ገብተህ ከነካህ ግን አለቀ።»

ምን ምርጫ አለው? እሺ አለ።

ሦስት ቀን ሙሉ ጻፈ። አሥር ዓመት አምቆ የያዘውን ነገር ሲዘረግፈው እጁ ዛለ። ጠዋት ይጽፋል፤ ከሰዓት አቻምየለሽን አስገብቶ ያሳያታል። የመጀመሪያው ቀን ላይ ከሚነግራት ይልቅ የምትጠይቀው በለጠ። ነገሩ አናደደው፤ ይህቺ ሴት በሦስት ቀን የምትውጠውን እሱ አንድ ዕድሜ ጠበቀው። ሰነዱ አርባ ገጽ ሆነ። ኬብሎቹ ሁሉ ቁጥር ተለጥፎባቸዋልና እያንዳንዱን በቁጥሩ ጠርቶ የቱ ቀዳዳ ላይ እንደሚሰካ ጻፈ። ዓርብ ጁምዓ ሰግዶ ተመልሶ የመጨረሻውን ገጽ ሲያትም ከዓመታት በኋላ ትከሻው ቀለል አለው።

ቅዳሜ አራት ሰዓት ሲሆን ቁልፉን ከአንገቱ አውልቆ በሩን ከፈተላትና መልሶ አንገቱ ላይ አጠለቀው። ልማድ ነው። ስልኩን ለዘበኛው ለጋሽ ደበላ ሰጥቶ ከብረት በሩ ውጭ ካለችው ግንድ ላይ ተቀመጠ።

«አስወጡህ እንዴ?» አሉት ጋሽ ደበላ በበሩ ቀዳዳ እያዩት።

«ፈተና ላይ ነኝ ጋሼ።»

«ታዲያ ተፈታኙ ምነው ውጭ ሆነ?»



አራት ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮዎቹ መሥራት ጀመሩ፤ የሽያጭ ክፍሏ ልጅ በመስኮት አውራ ጣቷን አሳየችው። ልቡ ዘለለ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ግን የመኪና ሚዛኑ ላይ የወጣ አንድ ሲኖትራክ ሳይወርድ ቀረ። ጭኖ የሚወጣ መኪና ሁሉ ሚዛኑ ላይ ሳይመዘን ከግቢ አይወጣም፤ ሚዛኑም ከኔትወርኩ ጋር የተያያዘ ነው። ከኋላው ሁለተኛ መኪና ቆመ። ሦስተኛ። ክላክስ ጀመሩ። ሊገቡ የመጡት ባዶ መኪኖች ደግሞ በውጭ በኩል ተደርድረው ጭራቸው የደብረ ዘይትን መንገድ ነካ። ሚኒባሶቹ መተላለፊያ አጥተው ረዳቶቻቸው በመስኮት ይሳደባሉ።

ሀይረዲን ተነሥቶ ቆመ። ሚዛኑ ምን ሆነ? ገጽ አሥራ ሁለት፤ የሚዛኑ መስመር ቁጥር ሰባት። ለብቻው የተዘጋጀ ቀዳዳ አለው፤ ሌላ ቦታ ከተሰካ አይሠራም። በትክክል ጽፎታል። ሰባት። ሰባት...

ከዚያ ትዝ አለው።

በ2001 ዓ.ም. ዋናው ቢሮ አንድ ባለሙያ ልኮ ነበር፣ «ሲስተሙን ለማጥናት» ብሎ። ሀይረዲን ሊተኩኝ ነው ብሎ ደነገጠ። ሰውዬው ከመምጣቱ በፊት በነበረው ምሽት የሰባት ቁጥርን ወረቀት ልጦ አሥራ አንድ ላይ፣ የአሥራ አንድን ሰባት ላይ ለጠፈው። አሥራ አንድ የሒሳብ ክፍል መስመር ነው። ባለሙያው ቁጥሩን አምኖ ሲነካካ ሚዛኑን ገደለው፤ ግቢው ታመሰ፤ ሀይረዲን ገብቶ በሁለት ደቂቃ አስነሣው። ሰውዬው አፍሮ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሀይረዲን ቁጥሮቹን መልሶ አላስተካከለም። ለምን ያስተካክል? እሱ ቁጥር አያይም፤ እጁ ያውቀዋል። ከሰባት ዓመት በኋላ ሰነዱን ሲጽፍም ኬብሎቹ ላይ የተለጠፈውን ሳያይ የድሮውን ቁጥር ከጭንቅላቱ ጻፈ። ለሌላ ሰው ያጠመደው ወጥመድ ውስጥ አቻምየለሽን አስገባት።

ሰዓቱን አየ። አምስት ከአሥር። ሮጦ ቢገባ በሁለት ደቂቃ ያስነሣዋል። ሁሉም እሰይ ይላሉ፤ አቶ ወልደገብርኤል ትከሻውን መታ መታ ያደርጉታል፤ መልቀቂያውም ሐይቁም ያኔ ያበቃሉ። ዝም ብሎ ቢቀመጥ ደግሞ አቻምየለሽ በሥራ አስኪያጁ ፊት ትዋረዳለች፣ ያለ ጥፋቷ። በዚያ ላይ ማንም ሳያውቅበት «በስህተት ነው» ማለት ይችላል። እጁ ሳያውቀው ሸሚዙ ውስጥ ገብቶ ቁልፏን ጨብጧል።

«ጋሼ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይስጡኝ።»

ጋሽ ደበላ ከመዝገባቸው አንድ ገጽ ቀደው በቀዳዳው አቀበሉት። ሀይረዲን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጻፈ፦ «ሰባትና አሥራ አንድ ቁጥር ተለዋውጠዋል። የሰባት ቁጥሩን አሥራ አንድ ላይ፣ የአሥራ አንዱን ሰባት ላይ ሰኪው።» እዚህ ላይ ሊያቆም ይችል ነበር። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ተተክሎ ቀረ። ፈቀደ ትዝ አለው፣ ያ ሰማያዊ ደብተር። ያ ሰው አንድም መስመር አዛብቶ አልጻፈም። «ስህተት አይደለም» ብሎ ቀጠለ። «በ2001 ሰው እንዳይተካኝ ብዬ ሆን ብዬ የለወጥኩት እኔ ነኝ። በ2004 ደግሞ አንቺ ረዳት ሆነሽ እንድትመደቢ ሲጠየቅ አያስፈልገኝም ብዬ የጻፍኩትም እኔ ነኝ።» ፈረመበት።

«ያድርሱልኝ ጋሼ።»

«በር ለቅቄ? እንኳን ዛሬ ሌላም ቀን አልሄድም።»

«መኪናው እኮ...»

«አየሁት፤ ዓይን አለኝ። ግን አንተም አትገባም፤ አደራ ብላኛለች።»

በበሩ ቀዳዳ እየተጨቃጨቁ ሳለ የሲኖትራኩ ሞተር ጮኸ። መኪናው ከሚዛኑ ወረደ። ሁለተኛው ወጣ፤ ወረደ። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ሀይረዲን ወረቀቱን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ማንም አልገባም፤ ማንም አልነገራት። ደስ ሊለው ሲገባ ከፋው። ያለ እኔ አንድ ቀን አታድርም ያላት ፋብሪካ በሠላሳ አምስት ደቂቃ ያለ እሱ ተነሣች።

አቻምየለሽ በእግሯ በር ድረስ መጣች። ፊቷ በላብ ርሷል፤ ጣቶቿ በአቧራ ጠቁረዋል።

«ሰባትና አሥራ አንድ» አለችው። «ኬብሉን በእጄ እየተከተልኩ እስከ ሚዛኑ ቤት ሄጄ ነው ያገኘሁት። ስህተት ነው?»

አዎ ቢል ያልቅ ነበር። ወረቀቱን ሰጣት።

ሁለት ጊዜ አነበበችው። «የ2004ቱን አውቀዋለሁ» አለች ቀስ ብላ። «የሰው ኃይል ክፍል አሮጌ ፋይል ሲያስወግድ የሚያስቀምጠው እኔ ግምጃ ቤት ነው። ደብዳቤህን አንብቤዋለሁ።»

«መቼ?»

«ሦስት ዓመት አለፈው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«አንተ እስክትለው። በየቀኑ ሰላም እያልኩህ ነበር የማልፈው ሀይረዲን። ልቤ እንዴት ይነድ እንደነበር አታውቅም።»

«ይቅር በይኝ» አለ።

ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችው። «ሰነዱ ላይ ፈርሜያለሁ፤ ሚዛኑ ሲነሣ። ይሄ ደግሞ አባሪ ይሆናል። ገጽ አርባ አንድ።»

«ዝዋይ ያለችው ሴት ታነበዋለች እኮ!»

«ሰነዱ የኔ ነው፤ ተረክቤዋለሁ። የሚዛኑ እውነት ከሌለበት ለኔ ምን ይሠራልኛል?»

አቶ ወልደገብርኤል ገጽ አርባ አንድን ሲያነቡ ፊታቸው በርበሬ መሰለ። ለስድስት አሥር ጉዳይ ነው። «መልቀቂያ ሳይሆን የክስ ደብዳቤ ነው የሚገባህ!» ብለው ጠረጴዛውን መቱ። ሀይረዲን መሬት መሬት አየ።

«ጌታዬ፣ ክስ ከተጀመረ ጉዳዩ እስኪጣራ የኔ ምደባ ይታገዳል» አለች አቻምየለሽ። «እኔ አራት ዓመት ጠብቄያለሁ። ይሂድ።»

ሥራ አስኪያጁ እሷን አዩ፤ እሱን አዩ። ፈረሙና ወረቀቱን ሳይሰጡት ጠረጴዛው ላይ ገፉለት።

ገላን ኮንዶሚኒየም፣ ቤታቸው፣ ኡሙልኸይር ሻንጣውን እያዘጋጀች «ስልክህን ለምን ሃያ ጊዜ ታየዋለህ?» አለችው እሑድ ዕለት። እውነቷን ነው። ከፋብሪካው አንድ ሰው ይደውልልኛል ብሎ እየጠበቀ ነበር። ማንም አልደወለም።

ሰኞ ሦስት ሰዓት ሲሆን ዝዋይ ከዚያች ፊቷ ከማይፈታ ሴት ፊት ተቀምጧል። ሰነዱን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ ስትገልጥ እሱ ገጾቹን በልቡ ይቆጥራል። አርባ አንድን አነበበች። ለሮሪሳ ሰጠችው፤ እሱም አነበበ።

«አሠልጥኛታለሁ ያልከኝ ይህችን ሴት ነው?» አለችው።

«ዋሽቻለሁ» አለ ሀይረዲን። «አላሠለጠንኳትም። እንዳትሠለጥን ነው ያደረግኩት። ከልክያት እንኳ ተማረች።»

ሴትዮዋ ወደ ሮሪሳ ዞረች። ሮሪሳ ወረቀቱን ደጋግሞ አየው። «የቀድሞዎቹም እንደዚሁ ሳያደርጉ አልቀሩም» አለ። «ግን ጽፎ ያመጣ የለም። እኔ ሥር ይሁን፤ የሚሠራውን እያንዳንዱን ነገር በዕለቱ ያሳየኛል። ያላሳየኝ ቀን ጀልባ ላይ አስቀምጬ እመልሰዋለሁ።»

«ሰምተሃል?» አለችው ሴትዮዋ።

«ሰምቻለሁ።»

አምስት ሰዓት ላይ ጀልባው ተነሣ። ሀይረዲን ውኃ ላይ ሄዶ አያውቅም፤ የጀልባውን ጠርዝ በሁለት እጁ ጨብጦ ተቀምጧል፤ ሮሪሳ ይስቅበታል። ሐይቁ መሐል ሲደርሱ ስልኩ ጮኸ። የአቻምየለሽ ቁጥር ነው። ፍርሃቱን ሁሉ ረሳ። ደረቱ እንደ ድሮው ተነፋ፤ ስልኩን ሊጥለው ምንም አልቀረው።

«ሄሎ! ምን ተበላሸ? ንገሪኝ፣ እዚሁ ሆኜ...»

«ምንም አልተበላሸም» አለች አቻምየለሽ። «የሰርቨር ክፍሉን ቁልፍ ይዘኸው ሄደሃል።»

እጁ ወደ አንገቱ ሄደ። አለች፤ ከሸሚዙ ሥር፣ በጫማ ማሰሪያዋ።

«ይቅርታ! ነገውኑ በሰው እልካለሁ...»

«አይ፣ አታስቸግር» አለችው። «ዛሬ ጠዋት የበሩን ቁልፍ ቀይረነዋል። ሦስት ቅጂ አለው።»